የገበያ ዋጋ ሰሌዳን በርካሽ የክላውድ ማሽን ላይ መዘርጋት፦ ምን ይበቃል? ምን ይረሳል?

ለአረፋ አምስት ቀን ሲቀረው የማኅበራችን የዋጋ ሰሌዳ ከኢንተርኔት ጠፋ። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ጀምሮ ስልክ በስልክ ሆንን። አንዱ ሙክት ጭኖ መንገድ ላይ ያለ ነጋዴ ነው። ሌላው ገበያ በር ላይ የቆመ ደላላ ነው። ሦስተኛው ፍየሎቹን ሁለት ቀን በእግር ነድቶ የመጣ አርብቶ አደር ነው። የሁሉም ጥያቄ አንድ ነበር፦ «ዛሬ ስንት ገባ?» የምንመልሰው አልነበረንም።

ሁለት ቀን የተነዳ ፍየል ዋጋው አልተስማማም ተብሎ ወደ ቀዬው አይመለስም። ውኃና መኖ ይፈልጋል፣ በቆየ ቁጥርም ይከሳል። ስለዚህ ዋጋ የማያውቅ ሻጭ ገዢው የጠራለትን ተቀብሎ ይሄዳል። በዚያ ሳምንት የሆነውም ይኸው ነው።

ነገሩ ሲጣራ ምክንያቱ ቀላል ሆኖ ተገኘ። የማሽኑ ኪራይ የሚቆረጥበት ካርድ ላይ ዶላር አልነበረም። የማስጠንቀቂያ ኢሜይሎቹ ሰሌዳውን ለሠራልን ወጣት ይደርሱ ነበር፤ እሱ ግን ሌላ ከተማ ሥራ ይዞ ሄዷል። አከራዩ ማሽኑን አጠፋው። መጠባበቂያ ቅጂውም እዚያው አካውንት ውስጥ ስለነበረ አብሮ ጠፋ። የሁለት ዓመት የዋጋ መዝገብ አጣን።

ብዙ አባላት «ርካሽ ስለገዛን ነው» አሉ። አይደለም። ማሽኑ ለሥራው ከበቂ በላይ ነበር። የጎደለው ጠባቂ ነው፤ ላም ገዝቶ እረኛ እንዳለመቅጠር ማለት ነው። ሰሌዳውን እንደገና ስንዘረጋ የተማርነውን፣ ተመሳሳይ ሥራ ለማሰብ ላሉ የነጋዴ ማኅበራት፣ የላኪዎች ኅብረትና የገበያ አስተዳዳሪዎች ይጠቅማል ብለን በቅደም ተከተል እናቀርባለን። የየደረጃው ትዕዛዞች ከየሶፍትዌሩ መመሪያ ስለሚገኙ እዚህ የምናተኩረው በቅደም ተከተሉና በምክንያቱ ላይ ነው።

የምንከራየው ምንድን ነው?

የክላውድ ማሽን ማለት በአንድ ትልቅ የመረጃ ማዕከል ውስጥ ካለ ኃይለኛ ኮምፒውተር ተቆርሶ በወር የሚከራይ ድርሻ ነው። በትልቅ የእንስሳት ማቆያ ግቢ ውስጥ አንድ በረት እንደ መከራየት ይቆጠራል። የግቢው ባለቤት አጥሩን፣ መብራቱንና ውኃውን ያቀርባል። እንስሳቱን መመገብ፣ ማከምና የበረቱን በር መዝጋት ግን የተከራዩ ሥራ ነው። ብዙዎች የሚስቱት እዚህ ላይ ነው፤ ኪራይ ስለከፈሉ ጥበቃውም አብሮ የተከፈለ ይመስላቸዋል።

ለዋጋ ሰሌዳ ትንሹ ማሽን ይበቃል። 1 ፕሮሰሰር፣ 1 ጊጋባይት ራም እና 25 ጊጋባይት ዲስክ ያለው ማሽን በታወቁት አከራዮች ዘንድ በወር ከ5 እስከ 7 ዶላር አካባቢ ይገኛል። መብቃቱን በስሌት ማየት ይቻላል። 10 ገበያ፣ 5 የእንስሳት ዓይነት፣ በየዓይነቱ 3 ደረጃ፣ በሳምንት 2 የገበያ ቀን እንበል። ይህ በሳምንት 300፣ በዓመት 15,600 የዋጋ መስመር ነው። አንዱ መስመር 200 ባይት ቢይዝ እንኳ የዓመቱ ሁሉ ተደምሮ 3 ሜጋባይት ያህል ነው፤ አንድ የስልክ ፎቶ የሚይዘውን ያህል ማለት ነው። ዲስክ የሚሞላው በዋጋ አይደለም። የሚሞላው በፎቶና ማሽኑ ራሱ በየደቂቃው በሚጽፋቸው የሥራ መዝገቦች ነው።

የሚያጥረው ራም ነው። ስለዚህ ከዲስኩ ላይ 2 ጊጋባይት ያህል ለ«ስዋፕ» ይመደባል። ስዋፕ ራም ሲሞላ ትርፉ ለጊዜው የሚቀመጥበት ቦታ ነው። ያዘግማል፣ ነገር ግን ሥራው በድንገት እንዳይቆም ያደርጋል።

ሂሳቡ በዶላር መሆኑን አይርሱ። ኢትዮጵያ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2024) የብርን ምንዛሪ ለገበያ ስትለቅ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የ6 ዶላር ኪራይ፣ አከራዩ አንዲት ሳንቲም ሳይጨምር፣ ከ340 ብር ገደማ ተነስቶ 600 ብርን ተሻገረ። በጀት ሲያዝ ዓመቱን በዶላር ማስላትና ጥቂት ትርፍ መጨመር ይሻላል።

ማሽኑ የት ይሁን?

አከራዮች ፍራንክፈርት፣ ሙምባይ፣ ጆሃንስበርግ እያሉ የቦታ ምርጫ ያቀርባሉ። በካርታ ላይ የቀረበው ሁልጊዜ ፈጣኑ አይደለም። የአካባቢያችን ኢንተርኔት በአብዛኛው በጅቡቲ፣ በሞምባሳና በሌሎች ወደቦች በሚያርፉ የባሕር ውስጥ ኬብሎች ይጓዛል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 በቀይ ባሕር ውስጥ በርካታ ኬብሎች ተቆርጠዋል። በዚያው ዓመት ግንቦት ደግሞ ኢሲ እና ሲኮም የተባሉት ኬብሎች ተጎድተው የምሥራቅ አፍሪካ ኢንተርኔት ለቀናት ተዳክሟል። ስለዚህ ዓመቱን ከመክፈል በፊት ለአንድ ወር ተከራይቶ ገበያ ውስጥ ቆሞ፣ አባላቱ በያዙት ስልክ መሞከር ነው።

ከቦታው ይበልጥ የሚረዳው ገጹን ቀላል ማድረግ ነው። ጽሑፍና ቁጥር ብቻ ያለው የዋጋ ሠንጠረዥ ከ50 ኪሎባይት በታች ሊሆን ይችላል። ፎቶና ማስዋቢያ የበዛበት ገጽ በቀላሉ 2 ሜጋባይት ይደርሳል፤ 40 እጥፍ ነው። ኔትወርክ በደከመበት ገበያ አንዱ ይከፈታል፣ ሌላው አይከፈትም።

የመጀመሪያው ቀን፦ በሩን መዝጋት

ማሽኑ እንደተከራየ ኡቡንቱ 24.04ን ይጫኑበት። ይህ እትም እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024 የወጣ ሲሆን የደኅንነት ማሻሻያ ለአምስት ዓመት፣ እስከ 2029 ድረስ ያገኛል። ከዚያ በኋላ ማንኛውም ሥራ ከመጀመሩ በፊት በሩ መዘጋት አለበት። ማሽኑ ኢንተርኔት ላይ በወጣ በሰዓታት ውስጥ የማይታወቁ ሰዎች ፕሮግራም የይለፍ ቃል እየገመተ ለመግባት ሲሞክር በመዝገቡ ላይ ይታያል። እርስዎን ፈልጎ አይደለም፤ ያልተቆለፈ በር ለማግኘት ሁሉንም ያንኳኳል።

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው።

አንደኛ፣ የማሽኑን ሶፍትዌር ሁሉ ማሻሻል፤ የደኅንነት ማሻሻያዎችም በራሳቸው እንዲጫኑ ማድረግ።

ሁለተኛ፣ «ሩት» ከተባለው ሁሉን ቻይ ተጠቃሚ ሌላ ለዕለት ሥራ የሚሆን ተጠቃሚ መክፈት።

ሦስተኛ፣ በይለፍ ቃል ፈንታ በኤስኤስኤች ቁልፍ መግባት። ቁልፉ ሁለት ክፍል አለው። አንዱ ማሽኑ ላይ ይቀመጣል፤ ሌላው ከእርስዎ ኮምፒውተር አይወጣም። በቁልፍ መግባት መቻሉን በሁለተኛ መስኮት ሳይሞክሩ የይለፍ ቃሉን መንገድ አይዝጉ፤ የመጀመሪያውም መስኮት ክፍት ይቆይ። ሲረጋገጥ በይለፍ ቃል መግባትንም፣ በሩት ስም መግባትንም ይዝጉ።

አራተኛ፣ ፋየርዎሉን ማስነሳት። ፋየርዎል ኬላ ነው፤ ከተፈቀዱት በሮች በስተቀር ማንም አያልፍም። የሚያስፈልጉት ሦስት ናቸው። 22 ለእርስዎ መግቢያ፣ 80 እና 443 ለድረ ገጹ። እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት አለ፤ በር 22ን ሳይፈቅዱ ፋየርዎሉን ማስነሳት። ያን ጊዜ ኬላውን የሠራው ሰው ራሱ ውጭ ይቀራል።

ሰሌዳውን መትከል

ሰሌዳው እንዲሠራ አራት ክፍሎች ይያያዛሉ። የእኛ በፓይተን ቋንቋና በጃንጎ የተሠራ ስለሆነ በእሱ እናስረዳ። ሌላ ቋንቋ የመረጠም ቅርጹ ተመሳሳይ ይሆንበታል።

ከፊት የሚቆመው ኤንጂንኤክስ ነው። ከውጭ የሚመጣውን ጥያቄ ሁሉ የሚቀበለው እሱ ነው። ቋሚ ገጾችን ራሱ ይሰጣል፤ ሌላውን ወደ ውስጥ ያሳልፋል። ከኋላው ጉኒኮርን የጃንጎን ፕሮግራም በጥቂት ሠራተኞች ያስኬዳል። የጉኒኮርን መመሪያ የሠራተኞቹን ቁጥር በፕሮሰሰሩ ብዛት ሁለት እጥፍ ላይ አንድ ጨምሮ እንዲጀመር ይመክራል፤ ለአንድ ፕሮሰሰር ሦስት ማለት ነው። 1 ጊጋባይት ራም ላለው ማሽን በሁለት ጀምሮ ማየት ይበቃል። ጃንጎ ዋጋውን ይመዘግባል፣ ያሰላል፣ ያወጣል። ከሥሩ የመረጃ ቋቱ አለ። ዋጋ የሚያስገባው አንድ ሁለት ሰው ከሆነ በአንድ ፋይል የሚያዘው ኤስኪውላይት ይበቃል። ከየገበያው ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ የሚያስገባ ከሆነ ፖስትግሬስኪውኤል ይሻላል።

ጉኒኮርን «ሲስተምዲ» በተባለው የኡቡንቱ ተቆጣጣሪ ሥር መግባት አለበት። ፕሮግራሙ ሲወድቅ የሚያነሳው፣ ማሽኑም ጠፍቶ ሲበራ የሚያስጀምረው እሱ ነው። በእጅ አስነስቶ የተተወ ፕሮግራም ማሽኑ በጠፋ ዕለት ተመልሶ አይነሳም።

ሁለት ጥንቃቄ ይጨመር። የጃንጎ የፍተሻ ሁነታ ሥራ ላይ ሲውል መጥፋት አለበት፤ ካልጠፋ ስሕተት በተፈጠረ ቁጥር የውስጥ ዝርዝራችንን ለማንም ያሳያል። ምስጢራዊ ቁልፉና የመረጃ ቋቱ የይለፍ ቃልም ከፕሮግራሙ ጋር ተጽፎ ለሰው መላክ የለበትም፤ ማሽኑ ላይ በተለየ ፋይል ይቀመጥ።

የድረ ገጹ ስም፣ ማለትም ዶሜይኑ፣ ወደ ማሽኑ አድራሻ እንዲያመለክት ከተደረገ በኋላ የመጨረሻው ሥራ የኤችቲቲፒኤስ ምስክር ወረቀት ነው። ሌትስ ኤንክሪፕት በነፃ ይሰጣል። የተለመደው ወረቀት 90 ቀን ያገለግላል፤ ሰርትቦት የተባለው ፕሮግራም ጊዜው ሳያልፍ በራሱ ያድሰዋል። ብዙ ጊዜ ዕድሳቱ በበር 80 ስለሚረጋገጥ «443 አለን» ብሎ 80ን መዝጋት ከወራት በኋላ ገጹን ያስጨንቃል። ወረቀቱ ለጌጥ አይደለም። ከገበያ ዋጋ የሚልክ ሰው የይለፍ ቃሉን በሕዝብ ዋይፋይ ሲጽፍ ሌላ ሰው እንዳያነበው የሚከላከለው እሱ ነው።

ከውጭ መመሪያ የማይገኙ ነገሮች

ከላይ ያለው በየትኛውም አገር አንድ ነው። የሚከተሉት ግን የእኛ አካባቢ ናቸው፤ ብዙ ያስቸገሩንም እነሱ ናቸው።

ሰዓት። አብዛኛው የክላውድ ማሽን የሚሄደው በዓለም አቀፉ ዩቲሲ ሰዓት ነው። ኢትዮጵያ፣ ሶማሊያ፣ ጅቡቲና ኬንያ በሦስት ሰዓት ይቀድሙታል፤ ሱዳንና ደቡብ ሱዳን በሁለት። ቅጂ በ23፡00 ዩቲሲ እንዲወሰድ ከታዘዘ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። ከእኩለ ሌሊት እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት የገባ ዋጋ በማሽኑ ዘንድ ገና የትናንት ነው። መዝገቡ በዩቲሲ ይያዝ፣ ለአንባቢው ግን በአካባቢው ሰዓት ይታይ።

ገንዘብ። ሞያሌ ላይ በአንድ ቀን፣ በአንድ መንገድ ግራና ቀኝ፣ በብርም በኬንያ ሺሊንግም ይሸጣል። ዋጋው በተሸጠበት ገንዘብ ይመዝገብ፤ የምንዛሪው ተመንና ቀኑም ለብቻው ይያዝ። የጅቡቲ ፍራንክ ለአንድ ዶላር 177.7 ገደማ ላይ የታሰረ ስለሆነ ችግሩ አይታይበትም። ብሩ ሲለቀቅ ግን ሁሉን ወደ ዶላር ቀይሮ ያስቀመጠ ሰው የሰንጋ ዋጋ ወረደ ወይስ ምንዛሪው ተለወጠ የሚለውን መለየት አቃተው።

የቦታ ስም። አንዱ ቶጎ ውጫሌ ይላል፣ ሌላው ቶጎ ጫሌ ይጽፋል፤ ማሽኑ ሁለት ገበያ አድርጎ ይቆጥረዋል። የገበያና የእንስሳት ስም ከተዘጋጀ ዝርዝር ይመረጥ፣ በነፃ አይጻፍ።

ፊደል። ሁሉም ነገር በዩቲኤፍ-8 ይሁን፤ አለዚያ የግዕዝ ፊደል የጥያቄ ምልክት ሆኖ ይወጣል። ዋጋውን በአጭር መልእክት የምትልኩ ከሆነ ሌላም ነገር አለ። አንድ መልእክት በተራ የላቲን ፊደል 160 ሆሄ ሲይዝ በግዕዝ ፊደል የሚይዘው 70 ብቻ ነው። ያው ዝርዝር በሶማሊኛ ወይም በኦሮምኛ በአንድ መልእክት ሲሄድ በአማርኛ ሁለት ወይም ሦስት ይሆናል፤ ክፍያውም እንዲሁ። እኛ ለሙክት፣ ለሰንጋና ለግመል አጫጭር መለያ አውጥተን ከአባላት ጋር ተስማማን።

ቅጂው የት ነው ያለው?

የእኛ ጥፋት ዋናው እዚህ ነበር። አከራዩ የሚሸጠው መጠባበቂያ ጥሩ ነው፣ ማሽኑ ቢበላሽ ያድናል። አካውንቱ ከተዘጋ ግን አያድንም፤ አንድ በረት ውስጥ ያደሩ ከብቶች በአንድ ሌሊት ይወሰዳሉ። አሁን ቋቱ በየሌሊቱ ይገለበጣል። አንዱ ቅጂ ሌላ አከራይ ዘንድ ይሄዳል፤ አንዱ በየሳምንቱ ቢሮ ባለ ዲስክ ላይ ይቀመጣል። በወር አንድ ጊዜ ደግሞ ቅጂውን በሌላ ኮምፒውተር ላይ ከፍተን ያለፈውን ሳምንት ዋጋ እናነባለን። ተከፍቶ ያልታየ ቅጂ እንዳለ አይቆጠርም።

ቅጂው የአባላትን ስልክ የያዘ ከሆነ መቆለፍ አለበት። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2019፣ ኢትዮጵያም በአዋጅ ቁጥር 1321/2016 የግል መረጃን የሚጠብቅ ሕግ አውጥተዋል። ከሕጉም በላይ የራሳችን ጉዳይ ነው። ማን ዛሬ ስንት ግመል ሸጦ በየት መንገድ እንደተመለሰ የሚያሳይ ዝርዝር ለዘራፊ የተጻፈ ደብዳቤ ነው። ሰሌዳው ላይ የገበያውና የደረጃው ዋጋ ይውጣ፤ የሻጩ ስም፣ ብዛቱና ስልኩ አይውጣ። ለሥራው የማያስፈልግ መረጃ ደግሞ ከመጀመሪያው ባይሰበሰብ ይሻላል።

እረኛው ማን ነው?

አካውንቱ በማኅበሩ ኢሜይል ይከፈት፤ በባለሙያው የግል ኢሜይል አይሁን። ሰሌዳው ሲጠፋ የሚያስጠነቅቅ ነፃ የክትትል አገልግሎት ስላለ መልእክቱ ለሁለት ሰው ይድረስ። አከራዩ ቅድሚያ ክፍያ የሚቀበል ከሆነ የጥቂት ወር ኪራይ አስቀድሞ ይግባ። የመግቢያው ቁልፍም ሁለት ሰው ዘንድ ይኑር፤ አንዱ ሲለቅ ግን የእሱ ቁልፍ በዚያው ቀን ይሰረዝ።

በየወሩ አንድ ሰው፣ ስሙ ተጽፎ፣ አምስት ነገር ይመልከት፦

የካርዱ ወይም የቅድሚያ ክፍያው ቀሪ ሂሳብ፤
የዲስኩ ቀሪ ቦታ፤
የኤችቲቲፒኤስ ወረቀቱና የዶሜይኑ ማብቂያ ቀን፤
የደኅንነት ማሻሻያዎች መጫናቸው፤
ቅጂው ተከፍቶ መነበቡ።

ሥራው ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ከእነዚህ ሁሉ ከበድ ያለ ፍተሻ የሚደረገው ከአረፋ አንድ ወር በፊት ነው። በዓሉ በፀሐይ አቆጣጠር በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ቀደም ብሎ ስለሚመጣ የማስታወሻውን ቀን በየዓመቱ ማስተካከል ያስፈልጋል።

የጠፋው የሁለት ዓመት መዝገብ ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም። ጥቂቱን ከነጋዴዎች ደብተርና ከድሮ አጭር መልእክቶች እየለቀምን መልሰን አስገብተናል። ማሽኑ ዛሬም ያው ባለ 1 ጊጋባይት፣ ያው የወር 6 ዶላር ነው። የተለወጠው ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ወረቀት ነው፤ በላዩ የሁለት ሰው ስምና በየወሩ የተፈረመበት ቀን አለ።